የአርባ ሴቶች ባል

በጤና ጣቢያው መግቢያ፣ ከብረቱ በር በስተግራ፣ ተረኛ ሁሉ የሚቀመጥበት ዝቅተኛ የድንጋይ አጥር አለ። በዚያ አጥር ጫፍ ላይ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል አንዲት ሴት ትቀመጥ ነበር። ጭኗ ላይ ከአሮጌ ቁም ሣጥን መዝጊያ የተቆረጠች ጣውላ ታጋድማለች፤ ጣውላዋ ላይ ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፤ እስክሪብቶዋ ከጆሮዋ በላይ በሻሿ እጥፋት ውስጥ ይሰካል። ሥራዋ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ውሃ ለተቋረጠበት፣ ከቤት ልቀቅ ለተባለ፣ ልጁ ከትምህርት ገበታ ለተባረረበት ሰው ሁሉ አቤቱታውን አሳምራ ታቀርብለታለች። በአራተኛ ክፍል ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ፊደሏ ከመስመር በወጣ ቁጥር ገጹን ሙሉ አስደግሜ አጽፌያታለሁ፤ በዚህም ምክንያት ጽሑፏ በማተሚያ ቤት የወጣ ይመስል ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች በምተርከው ነገር ውስጥ ራሴን ንጹሕ አላደርግም።

ሴቶቹ በስሟም ሆነ በሥራዋ አይጠሯትም ነበር። መጠሪያዋ «ባልዬ» ነበር።

«ባልዬ፣ አለሽ?» ትላለች የመጣችው ሴት፤ ቀና ብላ ዙሪያዋን ከቃኘች በኋላ።

«አለሁ፤ የት እሄዳለሁ። ባል ሆኜ ቤት ተገኝቼ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ዛሬ ስንት ሆነሻል?»

«ሦስት። አንዱ ግራኝ ነው፤ እጄን አዛለው።»

ይህ ቀልድ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት መሄድ ያስፈልጋል።

በዚያ መስኮት ጀርባ አንድ መዝጋቢ ለሃያ ስድስት ዓመታት ተቀምጧል። ከእኔ ጋር የዕድሜ እኩያ ነው፤ አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አንቱታውን ግን በዚህ ጽሑፍ አውቄ ነፍጌዋለሁ። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኰሰ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ የሚወጣ፣ በጸሎት ቤትም ከፊተኛው ወንበር የማይጠፋ ሰው ነበር። ጉቦ አልበላም። ሰክሮ አልታየም። ክፋቱን ለማሳየት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሰው ክፉን የሚፈልገው ቆሻሻ ሸሚዝ ውስጥ ነውና።

አንዲት ሴት ወደ መስኮቱ ቀርባ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ እጁን ከጆሮው ኋላ ያደርጋል።

«አልሰማሁም፤ ጮክ በይ።»

እንደገና ትናገራለች።

«ኧኸ፤ የመከላከያ መርፌ። መውለድ ሰለቸሽ ማለት ነው?»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሕዝብ ይስቃል። በመጨረሻም በብዕሩ ጫፍ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ይጠቁማል። በወረቀቱ ራስጌ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ከሥሩም «የእርግዝና መከላከያ የምትፈልግ ባለትዳር ሴት የባሏን የፈቃድ ፊርማ ይዛ ትቀርባለች» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ሴቶቹ የዚህን ሰው ስም «የማኅፀን ዘበኛ» ብለውታል። እሱም ሰምቷል፤ እንደ ሹመት ቆጥሮታል እንጂ አልተቆጣም። «ፈጣሪ የከፈተውን ሰው አይዘጋውም» ይል ነበር፤ የእሱ መስኮት ግን ከቀትር በፊት ይዘጋል።

ሴቶች የወሊዳቸውን ቁጥር መወሰን የጀመሩት መርፌ ሲመጣ አይደለም። እናቶቻችን ጡት ማጥባቱን ያራዝሙ ነበር፤ ቀን ይቈጥሩ ነበር፤ ሥር ቀቅለው ይጠጡ ነበር፤ አንዳንዶቹ በጠጡት ሞተዋል። በየዘመኑም አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ ይጠይቃል። በሩ ይለወጣል፤ ጥያቄው አይለወጥም።

የማመልከቻ ጸሐፊዋ ታላቅ እኅት በዚህ መስኮት ፊት ሦስት ጊዜ ቆማለች። የአምስት ልጆች እናት ነበረች። አምስተኛውን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ተርፋለች፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ እንዳትወልድ አስጠንቅቋታል። መዝጋቢው ሦስቱንም ጊዜ ፊርማ አምጪ ብሎ መለሳት። ባሏ አልፈርምም አለ። ስድስተኛውን ስትወልድ ሕፃኑም እሷም ተያይዘው ሄዱ። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት ታናሽ እኅቷ በፍርድ ቤቱ በር ትቀመጥበት የነበረውን ቦታ ለቃ፣ ጣውላዋን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው በር ተዛወረች። ለምን እንደተዛወረች ለማንም አልተናገረችም።

በዚያው ወር የመጀመሪያውን ባል ፈረመች።

ፊርማው በየሦስት ወሩ ስለሚጠየቅና ዘበኛው የቀደመውን ከአዲሱ ጋር ስለሚያስተያይ፣ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ያዘች። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ገጽ ተሰጥቷል፦ የሴትዮዋ ስም፣ የባሏ ስም፣ የፊርማው ናሙና፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ። «ሰማያዊ፤ ወደ ቀኝ ያዘመመ፤ ሲጨርስ ነጥብ ያሳርፋል» የሚል ማስታወሻ ከጎኑ ይጻፋል። ገጾቹ ቀስ በቀስ አርባ ሞሉ። ለማመልከቻ የምትቀበለውን ያህል ለፊርማውም ትቀበል ነበር፤ ይህን ልደብቅላት አልፈልግም።

አንድ ቀን በመንገድ ሳልፍ ደብተሩን አየሁትና፣ ሐሰተኛ ፊርማ በማንም ስም ይሁን ሐሰት መሆኑን ነገርኋት። ብዕሯን ከሻሿ አውጥታ ክዳኑን ከፈተች።

«መምህር፣ እውነቱን ይዛ መስኮቱ ላይ የቆመችው እኅቴ ነበረች» አለችኝ።

ሐሳቤን ግን አልለወጥሁም፤ ዛሬም አልለወጥሁም።

ያስያዛት ሐሰቱ ሳይሆን ኩራቷ ነው። ከደንበኞቿ አንዷ የሆቴል አንሶላ የምታጥብ ሴት ነበረች። ሆዷ ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና ተከፍቷል፤ ለሦስተኛ ጊዜ እንደማይከፈት ተነግሯታል። ባሏ ጋሪ ነጂ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊዋ ለዚህ ጋሪ ነጂ ከገጾቹ ሁሉ ያማረውን ፊርማ ሰጥታው ነበር፤ እንደ ፈረስ ጅራት የተንዠረገገ፣ ሦስት ጊዜ የተጠመዘዘ ፊርማ። ሰውየው መጻፍ ይችል እንደሆነ አልጠየቀችም። አጣቢዋም አልነገረቻትም፤ ባሏ የማይጽፍ መሆኑ እንደ ነውር ይሰማት ነበርና። የእኔ ተማሪ የባል ፈቃድ በአውራ ጣት እድፍ ሊገለጥ እንደሚችል አላሰበችም። እጅዋ ለእድፍ አልሠለጠነም።

በአንድ ማክሰኞ ጋሪ ነጂው የጋሪ ጎማ እግሩን ረግጦት ወደ ጤና ጣቢያው መጣ። ዘበኛው ካርድ አውጥቶለት መዝገቡን ወደ እሱ ገፋ።

«እዚህ ጋ ፈርም።»

«ቀለም አምጣልኝ እንጂ ጋሼ። ይኼ አውራ ጣቴ ነው የሚፈርመው።»

ዘበኛው ቀለሙን ሰጠው። ሰውየው ጣቱን አትሞ፣ በሱሪው ጠርጎ፣ እያነከሰ ወደ ውስጥ ገባ። ዘበኛው ምንም አልነገረውም። መሳቢያውን ከፍቶ ያን ባለ ፈረስ ጅራት ፊርማ አወጣና ከጣት አሻራው ጎን አስቀመጠው።

ቀትር ላይ መስኮቱን ዘግቶ ወደ አጥሩ መጣ። ቁመቱ ፀሐይዋን ከጣውላው ላይ ጋረደባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጋሪ ነጂው መቼ ነው ጽሕፈት የተማረው?»

ብዕሯን አቆመች።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለ። «ለሰውየው አልነገርሁትም። ደብተር እንዳለሽ ግን አውቃለሁ፤ ሁሉም ያውቃል። እስከ ዓርብ ታስረክቢኛለሽ። ባሎቹን አንድ በአንድ ጠርቼ አነጋግራቸዋለሁ፤ የቤታቸውን ጉድ ማወቅ መብታቸው ነው።»

«ካላስረከብሁስ?»

«ያን ጊዜ በጋሪ ነጂው እጀምራለሁ። ቀጥሎ ፖሊስ አለ። ሐሰተኛ ሰነድ ምን እንደሚያስከትል ከእኔ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በፍርድ ቤት በር ኖረሻል።»

«እናትዎ ስንት ወለዱ?» አለችው።

«ዐሥራ አንድ።»

«ስንቱ አደገ?»

«ፈጣሪ የፈቀደው» አለና፣ ጫማውን ከአጥሩ ጠርዝ ላይ አራግፎ ሄደ።

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ሦስት ቀን ነው። ደብተሩን ብትሰጠው አርባ ቤት ይናጋል፤ ብታጠፋው የአርባ ባል ፊርማ ከእጅዋ ይወጣል፤ ሴቶቹም በየተራቸው ከመስኮቱ ይመለሳሉ። አጣቢዋ ደግሞ ቀጠሮዋ ያው ዓርብ ነበር። ማመልከቻ ጸሐፊዋ በዚህ ጭንቅ ውስጥ የምታውቀውን አንድ ሥራ ሠራች፤ ማመልከቻ ጻፈች። ጤና ጣቢያው ከሁለት ወር በፊት አዲስ ኃላፊ፣ አንዲት ወጣት ሐኪም ተሹማለት ነበር። ደንቡ እንዲሻር ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ነው ተብሎ በሐኪም ለተጻፈላቸው ሴቶች ብቻ እንዲላላ ልትለምን አሰበች።

ማመልከቻ የሚቃወመውን ሰነድ ቁጥርና ቀን መጥቀስ አለበት። ይህን ሳታሟላ አንድም ወረቀት ከእጅዋ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ወደ መስታወቱ ሄዳ ማስታወቂያውን ልትገለብጥ ቆመች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን እስከ ግርጌው አነበበችው። ግርጌ አልነበረውም። ቁጥር የለም፤ ቀን የለም፤ ፊርማ የለም። የወረቀቱ ታችኛ ጠርዝ በመቀስ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ ከተቆረጠው መስመር በላይም የአንዳንድ ፊደላት አናት ብቻ ቀርቷል።

ዘበኛው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ አያት። «ምን ታፈጥጫለሽ?» አላት።

«እያነበብሁ ነው» አለች።

በዚያው ቀን ማመልከቻዋን ለአዲሷ ኃላፊ አቀረበች። ሐኪሟ እስከ መጨረሻው ካነበበችው በኋላ በእጅዋ ይዛው ቀና አለች።

«እትዬ፣ ይህን ደንብ እኔ አላውቀውም። ፊርማ የሚባል ነገር መኖሩንም ዛሬ ነው የሰማሁት። የመርፌ ክፍሏ ነርስ የካርድ ክፍሉ ጉዳይ ነው ብላ ዝም ብላ ተቀምጣለች ማለት ነው?»

«መስታወቱ ላይ አለ፣ ዶክተር።»

«መስታወቱን ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ፤ አላነበብሁትም» አለች ሐኪሟ፤ ይህን በማመኗ አከብራታለሁ። ተነሥታ የአሮጌ ደብዳቤዎቹን ቁም ሣጥን ከፈተች። አቧራውን እየነፋች ረዥም ጊዜ ፈለገች። በመጨረሻ ያመጣችው አቃፊ ሁለት ወረቀት ነበረው። አንደኛው መስታወቱ ላይ ያለው ማስታወቂያ ሙሉ ቅጂ ነው፤ ግርጌው ላይ «በሌላ መመሪያ እስኪተካ ድረስ የጸና ነው» ይላል። ሁለተኛው የሚተካው መመሪያ ነው፦ ከእንግዲህ ማንኛዋም ሴት በራሷ ፈቃድ ብቻ ትስተናገዳለች፤ የባል ፊርማ መጠየቅ ክልክል ነው። ከሥሩ «ተቀብያለሁ» ተብሎ ተፈርሟል። ማመልከቻ ጸሐፊዋ የፊርማ ባለሙያ ናትና ስሙን ማንበብ አላስፈለጋትም። በየሦስት ወሩ በአርባ ካርድ ላይ የምታየው የዘበኛው ፊርማ ነበር።

ቀኑን ተመለከተች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እኅቷ መስኮቱ ላይ የቆመችው ከዐሥር ዓመት በፊት ነው።

ሐኪሟ ዘበኛውን አስጠራችው። ገባ፤ ወረቀቶቹን አየ፤ ሸሚዙን አስተካከለ።

«መንቀል ነበረብኝ፤ ረሳሁት» አለ።

«ግርጌውን የቆረጠው መርሳት ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ተቀድዶ ነበር፤ አስተካከልሁት። እኔ ፊርማ አምጪ ብዬ ያስገደድኋት ሴት የለችም። የሚያመጡት በፈቃዳቸው ነው። ወረቀቶቹንም በየሩብ ዓመቱ አቃጥላለሁ፤ አንድም የለም።»

በጋሪ ነጂው ስም የተፈረመው፣ ከመሳቢያው የወጣው ያ አንዱ ወረቀት የት እንደደረሰ አልተጠየቀም፤ ጠያቂዋ አላወቀችምና። የምታውቀው ማመልከቻ ጸሐፊዋ ደግሞ ያን ጊዜ ስለ ወረቀት አላሰበችም።

«እኅቴን ያስታውሷታል?» አለችው። «ሦስት ጊዜ መጥታለች። ሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር። በሯ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ አይቻታለሁ።»

«የስንቱን ሴት ፊት አስታውሳለሁ።»

«የአምስት ልጆች እናት ነበረች።»

«እንዲህ ከሆነ» አለ ዘበኛው፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «እኔ ለነፍሷ አስቤ ነው።»

ይህን የነገረችኝ ማመልከቻ ጸሐፊዋ ራሷ ናት፤ በዚያች ቅጽበት ያደረገችው አንድ ነገር ቢኖር ብዕሯን ከሻሿ አውጥታ ክዳኑን ከፍታ መልሳ መግጠም ብቻ እንደነበረ ነገረችኝ። እጅዋ ሌላ ነገር እንዳይሠራ ነው።

ሰውየው ከወጣ በኋላ ሐኪሟ ነገሩን በግልጽ አስረዳቻት። ማስታወቂያው ዛሬውኑ ይነቀላል። አሮጌ ወረቀት ሳይነቅሉ መተው ቸልተኝነት ነው፤ ቅጣቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ሴቶችን መመለሱና ፊርማ ማስገደዱ ግን ከሥራ የሚያሰናብትና በፍርድ የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው፤ ለዚያ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ። ሰውየው ጡረታ ለመውጣት ደግሞ የቀረው አንድ ወር ነው።

«እንዲህ ያለ የተጻፈ ነገር ያለው ሰው ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ሻንጣዋ ውስጥ ነበር። አርባ ገጽ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከነቀኑ።

«ቢገኝ ስሞቹ ለማን ይታያሉ?»

«ለመርማሪው። እሱም ምስክሮቹን በየቤታቸው ይጠራል። ፊርማውን የፈረመውም ሰው ይጠየቃል፤ ይህን አልደብቅሽም።»

«የፈረመው ሰው ይጠየቅ» አለች። ስለ ሌላው «ላስብበት» ብላ ወጣች።

መዝጋቢው የዓርቡን ዛቻ ዳግመኛ አላነሣም፤ ፊርማዎቹን ማንሣት ራሱን ያስጠይቀው ነበርና። በወሩ መጨረሻም በክብር ተሸኘ። ንግግር ተደረገለት፤ የግድግዳ ሰዓትም ተበረከተለት። እኔም እንደ አካባቢው ሽማግሌ ተጠርቼ ነበር፤ አልሄድሁም። ነገሩ ለምን በዚህ እንደተቋጨ ለማወቅ ግን ወደ ሐሙስ መመለስ ያስፈልጋል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወሬው በአጥሩ ዙሪያ ተዳርሶ ነበር፦ ማስታወቂያው ተነቅሏል፤ ደንቡም ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ሞቷል። ማመልከቻ ጸሐፊዋ ደስታ ጠብቃ እንደሆነ አላውቅም። ሴቶቹ ግን ጣውላዋን ተሻግረው አለፉ። አንዷ ቆማ «እኛን ስታስከፍዪ ታውቂ ነበር፣ አይደል?» አለቻት። ሌላዋ በቀጥታ ሳታያት «ባል ድሮም አይታመንም» ብላ ሄደች፤ ከኋላ የነበሩትም ሳቁ።

ጣውላዋን ታቅፋ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደች። ሦስት በርሜል እሳት ላይ ተጥዷል፤ አንዱ ለነጭ አንሶላ፣ አንዱ ለፎጣ፣ አንዱ ለመወልወያ ጨርቅ። አጣቢዋ እስከ ክርኗ የቀላ እጅዋን ይዛ አንሶላውን በረዥም እንጨት ታማስል ነበር። ጸሐፊዋ የሐኪሟን ቃል ሁሉ ነገረቻት፤ መርማሪውንም፣ የሰውየውን ጡረታም፣ በየቤቱ ስለሚሄደው መጥሪያም።

አጣቢዋ እንጨቱን አላቆመችም።

«ስለዚህ ባሌ መጥሪያ ይደርሰዋል።»

«ይደርሰዋል።»

«ማንበብ ስለማይችል ለጎረቤት ያስነብበዋል። ጥሩ ነው። ሁለት ጊዜ ከተቀደደው ሆዴ ሌላ የቀረኝ ምስጢር አልነበረም፤ እሱንም ጎረቤት ያነብልኛል።»

«ለዚህ ነው ልጠይቅሽ የመጣሁት።»

«ምኑን ትጠይቂኛለሽ። ዘጠኝ ዓመት ለሌለ በር ቁልፍ ሸጠሽልናል።»

«አላወቅሁም። እኔም አላወቅሁም።»

«እሱን አምኜሻለሁ» አለች አጣቢዋ። «አንባቢዋ ግን አንቺ ነበርሽ። እኛ መስታወቱን የምናየው እንደ ግድግዳ ነው፤ ፊደል አንለይም። ከመካከላችን ግርጌውን ማየት የምትችል አንድ ሰው ነበረች፤ እሷም ፊርማ ታሳምር ነበር።»

ጸሐፊዋ ይህን የአጣቢዋን ቃል ከነገረችኝ በኋላ እኔም ለብዙ ቀን ይዤው ዞሬአለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ፊደል አሳመርሁ፤ መስመር አስጠበቅሁ፤ በማኅተም የወጣን ወረቀት ማክበር አስተማርሁ። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ዛሬም ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ ብዬ ያስተማርሁበት አንድ ቀን ትዝ አይለኝም።

ማመልከቻ ጸሐፊዋ ደብተሩን ከሻንጣዋ አወጣች። በአጠገቧ ወዳለው፣ አንሶላው ወደሚፈላበት በርሜል ዘረጋችው።

«እዚያ አይሆንም» አለች አጣቢዋ፣ በእንጨቱ እጅዋን እየከላከለች። «ቀለም ይለቅብኛል። ሰማያዊ አንሶላ ለሆቴል ልመልስ ነው? ወደ መወልወያው አምጪው።»

ወደ ሦስተኛው በርሜል ሄዱ። ደብተሩ ጥቁር ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጎ ጥቂት ተንሳፈፈ። አጣቢዋ በእንጨቱ ወደ ታች አሰጠመችው። ውሃው መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ። አንድ ገጽ ተላቅቆ ወደ ላይ ብቅ አለ፤ ፊርማው ገና ይነበብ ነበር፤ ሦስት ጊዜ የተጠመዘዘ፣ እንደ ፈረስ ጅራት የተንዠረገገ። አጣቢዋ ዐውቃው እንደሆነ አይታወቅም፤ እሱንም አሰጠመችው።

«ዘበኛው እንግዲህ ነፃ ወጣ» አለች።

«ወጣ።»

«እኅትሽስ?»

ማመልከቻ ጸሐፊዋ የበርሜሉን እንፋሎት በሻሿ ጫፍ ከፊቷ ጠረገች።

«እሷ እዚህ ውስጥ ገጽ የላትም» አለች።

አጣቢዋ እንጨቱን በሁለት እጅዋ ይዛ ማማሰሏን ቀጠለች።